የጡት ካንሰር ከተነገረ በኋላ ማንን መያዝ ይሻላል? የድጋፍ አማራጮች በንጽጽር

የባዮፕሲው (ከጡት ተወስዶ የተመረመረው ናሙና) ውጤት ከተነገረበት ቀን ጀምሮ ሕክምናው እስኪጀመር ያለው ጊዜ ለብዙ ሴቶች ከኬሞው ራሱ ይከብዳል። በሽታው የትኛው ደረጃ ላይ እንዳለ ገና አልታወቀም፤ ሲቲ ስካን፣ የደም ምርመራ፣ የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ (ዕጢው በሆርሞን የሚያድግ መሆን አለመሆኑን የሚያሳየው) ይቀራል፤ ወረፋ አለ፤ ገንዘብ ማፈላለግ አለ። በዚህ መሃል ዘመድ ወዳጅ ሁሉ የየራሱን መላ ይዞ ይመጣል። አንዱ ጸበል ይላል፣ አንዱ ቅጠል፣ አንዱ «ሕንድ ትሂድ»፣ አንዱ ደግሞ «ለማንም እንዳትነግሪ»። ሁሉም ከቅን ልብ የመጣ ነው። ግን ሁሉንም ባንድ ጊዜ መያዝ አይቻልም፤ አንዳንዱም ሌላውን ያፈርሳል።

ከዚህ በታች ኢትዮጵያ ውስጥ በእርግጥ የሚገኙትን ድጋፎች ጎን ለጎን አስቀምጠናል፦ ቤተሰብ፣ በዚሁ ሕመም ያለፈች ሴት፣ የሃይማኖት አባትና ጸበል፣ የሥነ ልቦና ባለሙያና የአእምሮ ሐኪም፣ የበጎ አድራጎት ድርጅት፣ የቴሌግራም ቡድን። አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ውጤቱ በተነገረ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለአብዛኛዋ ሴት የሚበጃት አንድ የተመረጠ አስታማሚና ሕክምናዋን የጨረሰች አንዲት ሴት ናቸው። ጸሎትና ጸበል ከሕክምናው ጎን ይሁኑ እንጂ በሕክምናው ቦታ አይግቡ። ባለሙያ ዘንድ መሄድ ሌላው ሁሉ ሲያልቅ የሚደረግ ነገር አይደለም። ቴሌግራም ከሁሉም መጨረሻ ይምጣ።

መጀመሪያ የጎደለውን መለየት

እንቅልፍ ማጣት ለሁሉም ሰው ከአንድ ምክንያት አይመጣም። ሌሊቱን «ኬሞ ሲሰጡኝ ምን እሆናለሁ?» እያሉ የሚያነጉ ከሆነ የጎደለው መረጃ ነው፤ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር ያውቃል» የሚል መቶ ጠያቂ ቢመጣ ያንን ክፍተት አይሞላውም። የሚሞላው ነርሷ ወይም ኬሞ የወሰደች ሴት በግማሽ ሰዓት የምትሰጠው ማብራሪያ ነው። ጭንቀቱ «ልጆቼን ማን ትምህርት ቤት ያደርሳል? የመኪናውን ከየት አመጣለሁ?» ከሆነ ደግሞ የጎደለው እጅና ገንዘብ ነውና እሱን ለቤተሰብና ለእድር ማቅረብ ይሻላል። ሁሉም ተሟልቶ፣ ጠዋት ከአልጋ መነሳት የሚያስጠላ፣ ልጅ ሲስቅ እንኳ ልብ የማይነካ ከሆነ ያ ሌላ ነው፤ የባለሙያ ጉዳይ ነው።

በካንሰር ሕክምና ውስጥ የሚሠራበት ቀላል መለኪያ አለ። «ባለፈው ሳምንት ጭንቀቴ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር?» ብለው ራስዎን ይጠይቁ። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሚቀጥለው ቀጠሮ ለሐኪሙ መነገር አለበት። ቁጥሩ ጥቅሙ ብዙ ነው፤ ሐኪሙ ፊት አሥር ደቂቃ ብቻ ሲኖር «ደህና ነኝ» ከሚል መልስ ይልቅ «7 ነው» ማለት ነገሩን ያስጀምራል።

አንድ ነገር ደግሞ ከስሜት ጋር እንዳይምታታ። ከኬሞ ጋር ማስታወክንና አለርጂን ለመከላከል የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን እንቅልፍ ይነሳል፣ ያቅበጠብጣል፤ ሲቆም ደግሞ ለአንድ ሁለት ቀን ድብርትና ድካም ይጥላል። በቤት የሚወሰድ ክኒን ከሆነ ከምሳ በኋላ እንዳይሆን፣ ጠዋት ከቁርስ ጋር መውሰድ ይቻል እንደሆን ሐኪሙን ይጠይቁ። ብዙ ሴቶች «አእምሮዬን ልስት ነው» ብለው የሚፈሩት ይህንኑ የሁለት ሦስት ቀን ውጤት ነው።

ቤተሰብ፦ ከሁሉም ቅርብ፣ ግን ሥራ ካልተከፋፈለ የሚያደክም

ቤተሰብ የሚሰጠውን ማንም አይሰጥም። ምግብ፣ ሌሊት አብሮ መንቃት፣ ሆስፒታል ወረፋ መያዝ፣ ከአካውንት ክፍል ፋርማሲ መሯሯጥ ሁሉ በእነሱ ይሠራል። ሆኖም ብዙ ጊዜ ሁሉም ባንድ ላይ ይመጣና ሁሉም ባንድ ላይ ይደክማል። ኬሞው ብዙ ጊዜ በየ21 ቀኑ ለወራት ይቀጥላል፤ ኦፕራሲዮንና ጨረር ሲጨመሩ ነገሩ ወደ ዓመት ይጠጋል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ሰው ይመረጥ። አንዱ ሐኪም ዘንድ አብሮ ገብቶ የሚሰማና የሚጽፍ ይሁን። ሌላው ቤቱንና ጠያቂውን ይያዝ። ሐኪም ዘንድ የሚገባው የግድ በጣም የሚወድዎ ሰው መሆን የለበትም፤ ሳያለቅስ መስማት የሚችል ይሁን።

ቤተሰብ የሚሳሳትበት ትልቁ ቦታ መደበቅ ነው። ውጤቱን ወንድም ወይም ባል ይቀበልና «እሷ እንዳትሰማ፣ ትደነግጣለች» ተብሎ ከሐኪሙ ጋር ይስማማሉ። የሚሆነው ግን ይኸው ነው፦ ሴትዮዋ ኬሞ ክፍል ስትገባ ከጎኗ ከተቀመጠችው ታካሚ ትሰማለች። ወይም ሳትሰማ ትቀርና ዕጢው ከወጣ በኋላ «ድኛለሁ» ብላ 5 ዓመትና ከዚያ በላይ መዋጥ ያለበትን የሆርሞን መድኃኒት፣ ታሞክሲፌንን፣ በስድስተኛው ወር ታቆማለች። ከዚያም በላይ፣ የማታውቀውን ነገር ማንም ሊያጽናናት አይችልም። ገና ምርመራ ላይ ከሆኑ ለሐኪሙ አስቀድመው «ውጤቱ ምንም ይሁን፣ መጀመሪያ ለእኔ ይንገሩኝ» ይበሉት። ይህ መብትዎ ነው።

ልጆችም ያው ናቸው። ካልተነገራቸው ከእውነቱ የከፋ ነገር ያስባሉ። ለትንንሾቹ ሦስት ነገር ይበቃል፦ እማዬ ታማለች፣ ስሙም ካንሰር ይባላል፤ በመተቃቀፍ አይተላለፍም፤ እናንተ ባደረጋችሁት ነገር የመጣ አይደለም። ፀጉር ከመርገፉ በፊት መንገር ይሻላል። በዶክሶሩቢሲን (ቀዩ ኬሞ) ፀጉሩ የሚረግፈው ከመጀመሪያው ዙር ሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ስለሆነ ለመናገር ጊዜ አለ።

ጠያቂን በተመለከተ ደግሞ ሰው ቅር ይለዋል ተብሎ በር መክፈት ግዴታ አይደለም። ከኬሞ በኋላ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ገደማ ነጭ የደም ሴል በጣም ይወርዳል፤ ጉንፋን የያዘው ሰው መምጣት የለበትም። ይህ እውነተኛ የሕክምና ምክንያት ነው፤ ቤት የሚይዘው ሰው በዚያው ምክንያት «ለዚህ ሳምንት ሐኪሙ ከልክሏል» ብሎ አልቅሶ የሚያስለቅሰውንም፣ «የእነ እገሌም እናት በዚሁ ነው የሞቱት» የሚለውንም በክብር ይመልሰው።

ያለፈችበት ሴት፦ በጥቂት ሰዓት ብዙ የምትሰጥ

ሐኪም የማይነግርዎትን የምትነግርዎ እሷ ናት፤ ኬሞ በገባ በስንተኛው ቀን ምግብ እንደሚዘጋ፣ የትኛው ሻሽ እንደማይንሸራተት፣ ጡት ከወጣ በኋላ በየትኛው ጎን እንደሚተኛ፣ ጡት መያዣ ውስጥ ምን ተሰፍቶ ቢገባ እኩል እንደሚመስል፣ ባልን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠባሳውን እንዴት እንዳሳየችው ትነግርዎታለች። ከዚያም በላይ ከፊትዎ ተቀምጣ ቡና እየጠጣች መታየቷ ራሱ አንድ ነገር ነው። አብዛኛው ሰው የሚያውቀው የካንሰር ታሪክ የሞተ ሰው ታሪክ ነው፤ የዳኑት ስለማይናገሩ አይታወቁም።

የት ትገኛለች? የኬሞ ክፍል ነርሶች ያውቋታል። «እንደኔ ዓይነት የነበረባት፣ ሕክምናዋን ጨርሳ ቢያንስ ዓመት የሆናት፣ ለመነጋገር ፈቃደኛ የሆነች አለች?» ብለው ይጠይቁ። ነርሷ ስልኩን ወዲያው አትስጥዎ፤ መጀመሪያ የዚያችን ሴት ፈቃድ ትጠይቅ። ሕክምና ላይ ያለች ሴትም ጥሩ ናት፣ ግን እሷም ትደገፍ ዘንድ የሚገባት ናት፤ ሁለት የሚሰምጡ ሰዎች እንዳይያያዙ።

ያለፈችበት ሴት ሌላዋን የምትጎዳው የሕክምና ምክር መስጠት ስትጀምር ነው። የጡት ካንሰር አንድ በሽታ አይደለም። የሆርሞን ተቀባይ ያለው በታሞክሲፌን ይታከማል፤ ተቀባይ የሌለው በታሞክሲፌን አይታከምም። ስለዚህ «እኔ ጨረር አልወሰድኩም፣ ይኸው ደህና ነኝ፤ አንቺም አትውሰጂ» የምትል ሴት ቅን ብትሆንም ልትገድል ትችላለች። ስለ ኑሮ ይጠይቋት፤ ስለ መድኃኒት ዓይነትና መጠን አይጠይቋት።

በቡድን መሰብሰብስ? ነርስ ወይም ባለሙያ የሚመራው ከሆነ ከ6 እስከ 10 ሴት ያለበት ቡድን ለብቸኝነት ጥሩ መድኃኒት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚደጋገም ነገር እናርም። በ1989 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የታተመ ጥናት በሽታው የተሰራጨባቸው ሴቶች የቡድን ድጋፍ ሲያገኙ ዕድሜያቸው እንደረዘመ ገልጾ ነበር። በ2001 ካናዳ ውስጥ 235 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ያንን ሲፈትሽ ዕድሜ አልረዘመም፤ ጭንቀትና የሕመም ስሜት ግን፣ በተለይ አብዝተው ይጨነቁ በነበሩት ላይ፣ ቀነሰ። ይህን የምንጠቅሰው ተስፋ ለማሳጣት አይደለም። «ካዘንሽ ይብስብሻል፣ ደስ ካላለሽ አትድኚም» የሚባለው ክፉ ሸክም ከትከሻ እንዲወርድ ነው። ማልቀስ ዕጢን አያሳድግም። ድጋፍ የሚፈለገው ቀኑ እንዲቀልና ሕክምናው እንዳይቋረጥ ነው፤ ያም በቂ ምክንያት ነው።

ጸሎት፣ ጸበልና የሃይማኖት አባት

ለአብዛኛው ሰው የመጀመሪያው መጽናኛ እዚህ ነው፤ መሆኑም ተገቢ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ የሚያነሳ ባለሙያ የለም፤ ጸሎት ግን አለ። የንስሐ አባት በነፃ ይሰማሉ፣ ምስጢር ይጠብቃሉ፣ ቤተሰብንም ይገሥጻሉ። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ሰው ያስተባብራሉ።

የሚሳሳተው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው መዘግየት ነው። «መጀመሪያ ጸበሉን ልሞክር» ተብሎ የሚያልፈው ጥቂት ወር፣ በኦፕራሲዮን ሊወጣ የሚችለውን ዕጢ ወደማይወጣ ሊለውጠው ይችላል። ሁለተኛው «መድኃኒት ከወሰድሽ እምነት የለሽም» የሚለው ነው። ይህን የሚል ሰው ካጋጠመዎ ከሃይማኖቱ ትምህርት ይመልሱለት። መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር ይገባል፣ እግዚአብሔር ፈጥሮታልና ይላል፤ ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበል ጋር እንዲወስዱ በይፋ መክረዋል። በእስልምናም ነቢዩ መታከምን ማዘዛቸው የታወቀ ሐዲስ ነው።

ጸበልና ሕክምናን አብሮ ለማስኬድ ቀኑን መምረጥ ያስፈልጋል። ከኬሞ በኋላ ነጭ የደም ሴል በሚወርድበት ሁለተኛው ሳምንት ሰው የተጨናነቀበት ጸበል፣ የማለዳ ቀዝቃዛ ውኃና ያልተጣራ ውኃ መጠጣት ኢንፌክሽን ያመጣል። ደም በሚያገግምበት በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሚቀጥለው ዙር በፊት ባሉት ቀናት ይሻላል፤ የዚያን ሳምንት የደም ምርመራ አይተው ሐኪሙን ያማክሩ። ጡት የወጣበት ቁስል ሳይደርቅ፣ በተለይ ፈሳሽ የሚያወጣው ቱቦ ሳይነሳ፣ በውኃ አይነከርም። ጨረር በሚሰጥበት ቆዳ ላይ የቤተ ክርስቲያን እምነት (አመድ)፣ ቅባት ወይም ቅቤ አይቀባ፤ ቆዳው ስለሳሳ ይላጣል፣ ይቆስላል። ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ጸበልም ቤትም አይደለም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጾምም በዚሁ ይታይ። የንስሐ አባት ለሕሙም ጾም ይፈታሉ፤ በሕክምናው ወቅት የሚያስፈልገውን እንቁላልና ወተት በሰላም ለመብላት ፈቃዳቸውን አስቀድሞ መጠየቅ ከጸጸት ያድናል። ሙስሊም ሴትም ለሕመምተኛ በቁርኣን፣ በአል በቀራ ምዕራፍ 184ኛና 185ኛ አንቀጾች፣ የተፈቀደላት አለ።

የቱን አባት ወይም ኡስታዝ ይምረጡ? «ሕክምናሽን ቀጥዪ፣ እኔ እጸልያለሁ» የሚለውን። መድኃኒት አቁሚ የሚል፣ ወይም ለፈውሱ ገንዘብ የሚጠይቅ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ።

የሥነ ልቦና ባለሙያና የአእምሮ ሐኪም

ሰው ይህን የሚፈራው «አበደች» እንዳይባል ነው። ካንሰር ላይ ድብርት ሲጨመር ግን ቀጠሮ መቅረት፣ መድኃኒት መርሳት፣ ምግብ መተው ይከተላል፤ ስለዚህ የካንሰሩ ሕክምና አካል ነው።

መቼ እንደሚያስፈልግ ለመለየት በአማርኛ ተፈትኖ የሚሠራበት ፒኤችኪው-9 የሚባል መጠይቅ አለ። ስላለፉት ሁለት ሳምንታት 9 ጥያቄ ይጠይቃል፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይሰጠዋል፤ ድምሩ 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ባለሙያ ይየው። ኬሞ ላይ ላለች ሴት ግን ድካም፣ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ በመድኃኒቱም ስለሚዛቡ ነጥቡ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ጥያቄዎች፣ ማለትም በሚወዱት ነገር ደስታ ማጣትና የመከፋት ስሜት፣ ይበልጥ የሚመዘኑት። ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ነው፤ ለእሱ መልሱ ከ0 በላይ ከሆነ ድምሩ ምንም ይሁን በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ፣ ብቻን አለማደርም ያስፈልጋል።

ንግግርና መድኃኒትን እናወዳድር። መጠነኛ ለሆነ ጭንቀት የምክር አገልግሎት ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 ጊዜ፣ በየጊዜው አንድ ሰዓት ያህል ነው። ችግሩ መመላለሱና ክፍያው ነው፤ ስለዚህ ቀጠሮውን ከኬሞው ቀን ጋር ማጣመር ይጠቅማል። ድብርቱ ከጠና መድኃኒት ይጨመራል። መሥራት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብለው የሚያቆሙ ብዙ ናቸው። ሲሻልም በአንዴ አይቆምም፤ ብዙ ጊዜ ቢያንስ ለስድስት ወር ይቀጥላል።

አሁን የምንለውን እባክዎ በወረቀት ይያዙት። ታሞክሲፌን የሚወስዱ ከሆነ ለአእምሮ ሐኪሙም ለፋርማሲውም ይንገሩ። ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን የሚባሉት የድብርት መድኃኒቶች ጉበት ታሞክሲፌንን ወደሚሠራው ቅርጹ የሚለውጥበትን ኢንዛይም ያግዳሉ። ፍሉኦክሰቲን በአገራችን በብዛት የሚታዘዝ ስለሆነ ነገሩ በቀላሉ ይከሰታል። እንደ ቬንላፋክሲን ያሉ ይህን ኢንዛይም ብዙ የማይነኩ አማራጮች አሉ። አስቀድመው ጀምረው ከሆነም በራስዎ አያቁሙ፤ ሐኪሙ ቀስ አድርጎ ይለውጠው።

የት? አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የታወቀው ነው፤ ሌሎች ትልልቅ የመንግሥት ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። ካንሰሩን የሚያክሙት ሐኪም እዚያው ግቢ ውስጥ ሪፈር እንዲጽፉልዎ መጠየቅ መንገዱን ያሳጥራል።

ድርጅቶች

ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ ሴቶች ትልቁ ጭንቀት ማደሪያ ነው። ልጃቸውን ማቲዎስን በደም ካንሰር ያጡ ወላጆች የመሠረቱት ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ አቅም የሌላቸውን ከክልል የሚመጡ ታካሚዎች አዲስ አበባ ላይ የሚያሳርፍበት ማዕከል አለው። እዚያ አልጋ ብቻ አይገኝም፤ ያለፈችበት ሴትም እዚያው ትገኛለች። ቦታው ውስን ስለሆነ ከጉዞ በፊት ደውሎ ማረጋገጥና የሪፈር ወረቀት መያዝ ይበጃል።

በሽታው ለተሰራጨባቸው ደግሞ ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን በ2003 እ.ኤ.አ. የመሠረቱት ሆስፒስ ኢትዮጵያ አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ለቤት የማስታገሻ ክብካቤ ይሰጣል። ይህ «ተስፋ ቆረጡ» ማለት አይደለም። ያልታከመ ሕመም ከየትኛውም ነገር በላይ ተስፋ ያስቆርጣል፤ ሕመሙ በሚዋጥ ሞርፊን ሲረጋጋ ሰው ይበላል፣ ይተኛል፣ ከልጆቹ ጋር ያወራል። ስለዚህ መጨረሻው እስኪደርስ አይጠበቅ።

ቴሌግራምና ፌስቡክ

ማታ ብቻዎን ሲሆኑ ሰው ማግኘቱ ጥሩ ነው፤ ስም ሳይናገሩ መጠየቅም ይቻላል። ግን ቅጠል ሻጮች ሕመምተኛ የሚያጠምዱት እዚያው ነው። ቡድኑን በአንድ ነገር ይለኩት፦ «በ40 ቀን ከሥሩ የሚነቅል» የሚል ማስታወቂያ ሲለጠፍ አስተዳዳሪዎቹ ያነሱታል ወይስ ይተዉታል? ከተዉት ይውጡ። የውጤት ወረቀትዎን ፎቶ በቡድን አይለጥፉ፤ ስምና ካርድ ቁጥር አለበት።

በውጭ ላላችሁ

አሜሪካ ውስጥ የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር በ1-800-227-2345 ሌት ተቀን ይመልሳል፣ አስተርጓሚም ይጠየቃል። ሆስፒታሎችም በነፃ አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፤ የ12 ዓመት ልጅዎን «ካንሰሩ ጉበት ደርሷል» የሚለውን ቃል እንድታስተረጉም አያስቀምጧት። በእስራኤልም በየካንሰር ክፍሉ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አለ፤ ስሙን ጠይቃችሁ ያዙ። ከዓረብ አገር ለሕክምና የምትመለስ እህት የፓቶሎጂ ወረቀቷን ብቻ ሳይሆን ናሙናው ያለበትን ብሎክና ስላይድ ጠይቃ ትምጣ፤ ያ ከሌለ ባዮፕሲው ሊደገም ይችላል፣ የጥበቃው ጭንቀትም እንደ አዲስ ይጀምራል።

ሕክምናው ሲያልቅ

ብዙዎች የሚወድቁት እዚህ ነው። የመጨረሻው ጨረር ካለቀ በኋላ ጠያቂው ይቀንሳል፣ አስታማሚዋ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፣ ሁሉም «እንኳን ለዚህ አበቃሽ» ይላል። እርስዎ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ማሰብ የሚጀምሩት ያኔ ነው። የራስ ምታት ሁሉ «ተመለሰ እንዴ?» ያሰኛል። ለዚህ ሳምንት አስቀድመው ይዘጋጁ፤ ያለፈችበትን ሴት ያኔ እንደገና ይደውሉላት፣ የምክር ቀጠሮ ካለዎት ቢያንስ ሁለቱን ለዚያ ወር ያስቀሩ። በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድ፣ ማለትም ለአምስት ቀን 30 ደቂቃ፣ ድካምንና ድብርትን እንደሚቀንስ በደንብ የታወቀ ነው፤ ከ10 ደቂቃ ተጀምሮ ይጨመር።

ክትትሉ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ፣ በአራተኛውና አምስተኛው ዓመት በየ6 እስከ 12 ወሩ፣ ከዚያ በዓመት አንዴ ነው፤ ለቀረው ጡት ማሞግራም በየዓመቱ ይነሳል። ከየቀጠሮው በፊት ያለው ሳምንት ይከብዳል፤ በዚያ ሳምንት የሚያድርልዎን ሰው ከወዲሁ ይንገሩት። በሁለት ቀጠሮ መሃል አዲስ እብጠት፣ ሁለት ሳምንት ያለፈው የአጥንት ሕመም፣ የማይለቅ ሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ከመጣ ግን ቀጠሮውን አይጠብቁ።